በፕላስተር የታሸገው መስኮት

በተከፈተ መስኮት ንፋስ የሞተ ሰው ታውቃላችሁ? እስቲ አንድ ስም ጥሩ!

ልጁ ግን አክስቱ ቦሌ ሲሸኙት የነገሩትን አልረሳም። «የኔ ልጅ፣ በሰው አገር የሚያስታምምህ የለም። አደራ፣ ማጅራትህን ንፋስ እንዳይመታህ!» ስለዚህ ለትምህርት ፊንላንድ በገባ በመጀመሪያው ቀን የመኝታ ክፍሉን መስኮት ዙሪያውን በፕላስተር አሸገው። ክፍሉን የሚጋራው ዩሃኒ ለመነው፣ ተቆጣው፣ በመጨረሻም ፍራሹን ተሸክሞ ኮሪደር ላይ መተኛት ጀመረ።

«ወንድሜ፣ እኔ እኮ ላንተው ጤና ብዬ ነው» ይለዋል፣ አንገቱ ላይ ፎጣ እንደጠመጠመ።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። የመመረቂያ ጥናቱን የሚያቀርብበት ቀን ደረሰ፤ ከወደቀ ባዶ እጁን ወደ አክስቱ መመለሱ ነው። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሦስት ፕሮፌሰሮች ፊት ቆሞ ፎጣውን አስተካከለና ርእሱን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

«የመኝታ ክፍልን መስኮት መክፈት ለተማሪዎች ጤና ያለው ጥቅም።»

ከኋላ ወንበር ዩሃኒ እየሳለ ብድግ አለ።

«የእኛን መስኮት ማን አሸገው? እዚሁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ይመልስ!»