ሁሉም የሚወርሰው ስም

«ይኼን ማን ማን ያየዋል?» አሉ የኔታ ቀለመ ወርቅ፣ ለሦስተኛ ጊዜ። የክርስትና ስም መዝገቡን ጋቢያቸው ውስጥ አጥብቀው ይዘውታል።

«የተፈቀደለት ብቻ ነው፣ የኔታ። ይለፍ ቃል አለው» አልኩ፤ ትዕግሥቴ እያለቀ ነበር። ከማስተምርበት ከመካነ ኢየሱስ ከተማ እስከ ትውልድ ደብሬ ቤተ ልሔም በዚያ ኮረኮንች መንገድ ተንገላትቼ የመጣሁት መዝገቡን ኮምፒውተር ውስጥ ላስገባ ነው። አይጥ ግማሹን በልቶታል። እሳቸው እንቢ ካሉ ደግሞ የሁለት ወር ልፋቴ ገደል ገባ።

«ቃሉንስ ማን ይይዘዋል?»

«አቶ አላምረው።»

የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ አላምረው አጠገቤ ተቀምጧል። ከአባቴ ጋር በእርሻ ወሰን ፍርድ ቤት ከቆሙ ሦስት ዓመታቸው። ዛሬ ግን ጥርሱ አልከደን ብሏል። የኔታ ትኩር ብለው አዩት።

ቸኮልኩና ላፕቶፑን ወደ እሳቸው አዞርኩ። «አሠራሩ ቀላል ነው። ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ መጀመሪያ ‹ሰው› የሚባል አንድ ክላስ፣ የጋራ ንድፍ በሉት፣ ጻፍኩ። ካህኑም፣ ዘማሪውም፣ የንስሐ ልጁም ከሱ ይወርሳሉ። ማን እንደሆኑ ሲጠየቁ የሚመልሱትንም እዚያው ጻፍኩት። ለእያንዳንዱ መድገም የለም።»

«እዚያ የገባ ለሁሉም ይደርሳል ማለት ነው?»

«እንዴታ! ጥበቡ እሱ አይደል?»

«እንግዲያስ ስላንቺ ጠይቂልኝ።»

ለሙከራ ራሴን ከዘማሪዎቹ ጋር መዝግቤያለሁ። ለዘማሪ ስምና ስልክ ብቻ ነው የሚያወጣው ብዬ፣ ኮራ ብዬ ቁልፉን ተጫንኩ።

ስሜ ወጣ። ስልኬ ወጣ። ከሥሩ ደግሞ እናቴ «ድግምተኛ እጅ ይገባል» ብላ ሃያ ስድስት ዓመት ከጎረቤት የደበቀችው የክርስትና ስሜ ወጣ። ወይኔ! «ሁሉም ክርስቲያን አይደል?» ብዬ የክርስትና ስምን ‹ሰው› ክላስ ላይ ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ። እኔ በድግምት አላምንም፤ በእናቴም ስንቴ ስቄአለሁ። ግን ሳላስበው ስክሪኑን በመዳፌ ሸፈንኩት።

የኔታ አልተቆጡም። መዝገቡን ጋቢያቸው ውስጥ ገፋ አደረጉና ጎንበስ ብለው «አይቶታል?» አሉኝ።

ዞር አልኩ። አላምረው በመስኮቱ ወደ ቅጽሩ እያየ ነበር። ከንፈሩ ቃል እንደሚያጠና ተማሪ ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል።