ከኋላ የቆሙት ሁለቱ

"አርባ ስምንት ቮልት ነው፤ ልክ እንደ አሮጌው" ብሎ ለሥራ አስኪያጁ ያረጋገጠው ሾፌሩ ራሱ ነበር። አዲሱ የሊቲየም ባትሪ የመጋዘኑ ጭነት ማንሻ ፎርክሊፍት ላይ ሲገጠም ቅለቱ ደስ ብሎት ነበር። የመጀመሪያውን የሴራሚክ ጭነት ሲያነሳ ግን የኋላ ጎማዎቹ ከመሬት ብድግ አሉ። ያኔ ገባው። ፎርክሊፍቱ ወደ ፊት እንዳይደፋ ከኋላ ይዞት የኖረው የአሮጌው ባትሪ ክብደት ነበር።

ተሳስቻለሁ ለማለት አፈረ። ሁለት ወዛደሮች ጠርቶ በጎደለው ክብደት ፋንታ ፎርክሊፍቱ ጀርባ ላይ አቆማቸው።

"ብቻ እኔ ሳልል እንዳትወርዱ!"

እነሱ ተሳሳቁ፤ እሱ አልሳቀም።

ጠዋቱ በሰላም አለፈ። ከምሳ በኋላ አንዱን ጭነት እስከ ላይኛው መደርደሪያ ከፍ አድርጎ ሳለ፣ ሥራ አስኪያጁ አቶ ሽመክት በስልክ እያወሩ ገቡና ልክ ከጭነቱ ሥር ቆሙ።

"ጋሼ፣ ኧረ ከዚያ ዞር ይበሉ!"

አልሰሙትም። ስልኩን ከጆሯቸው አንስተው ፎርክሊፍቱ ጀርባ ላይ በቆሙት ላይ አፈጠጡ።

"እናንተ! አውቶቡስ መሰላችሁ እንዴ? ውረዱ!"

ወዛደሮቹ ደንግጠው ሁለቱም በአንዴ ዘለው ወረዱ።