ፕላኑ ላይ የሌለ በር

የመጀመሪያው ምት ልስኑን ብቻ ነው የሚያራግፈው። ሁለተኛው ከግንቡ ነጥሮ ወደ ክንዴ ይመለሳል፤ እስከ ጥርሴ ድረስ ይሰማኛል። ሦስተኛውን ስሰነዝር ጥበቃው እየሮጡ ይመጣሉ።

«አንቺ ልጅ! ኧረ በፈጠረሽ፣ ምን ነካሽ?»

«በር እየከፈትኩ ነው ጋሼ። ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ፣ ፍንጣሪ ዓይንዎ ውስጥ እንዳይገባ።»

«እዚህ እኮ በር የለም!»

«ታዲያ ባይኖር አይደል የምከፍተው።»

ቅዳሜ ረፋድ ነው። መዶሻው የአባቴ ነው። ግንበኛ ነበር፤ ይህን የግንብ አጥርም ከጓደኞቹ ጋር የሠራው እሱ ነው። ሥራው ሲያልቅ ጉልበቱም አብሮ አለቀና እኔ ጋ መኖር ጀመረ፣ እዚሁ አጥሩ ውስጥ። አራት መቶ ቤት አለን፤ ቀለማቸውም መልካቸውም አንድ። ሱቅ የለም፣ ዳቦ ቤት የለም፣ ጫማ የሚሰፋ የለም። ፕላኑ መኖሪያውን ለብቻ፣ ገበያውን ለብቻ አድርጎ ያ ሁሉ ከአጥሩ ወዲያ ቀርቷል። ክሊኒኩም ወዲያ ነው። በረንዳዬ ላይ ቆሜ ነርሷ ስታስነጥስ «ይማርሽ» ብላት ትሰማኛለች። በመኪና ግን ሰባት ኪሎ ሜትር ነው፤ በዋናው በር ተወጥቶ፣ አውራ ጎዳናው ተይዞ፣ ድልድዩ ጋ ተዙሮ።

አባቴን ይዘነው የዞርነው ያንን ሁሉ ነው። ሦስት ሳምንት አለፈው። ድልድዩ ጋ ስንደርስ እጁ እጄ ውስጥ ቀዝቅዞ ነበር።

አራተኛ። አምስተኛ። የማዕዘኗ ጎረቤቴ ልብስ እያጠበች ኖሮ እጇ ሳሙና እንደለበሰ ትወጣለች። ያን ቀን መኪናውን የነዳልን ባሏ ነው። የአጥሩ ጥላ ሥር ትቆማለች።

የመንደሩ አስተዳዳሪ በመኪና ይመጣል። ቢሮው ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። እኛ የምንጠራው «ፕላኑ» ብለን ነው፤ ዛፍ እንትከል ብትለው «ፕላኑ ላይ የለም» ነው መልሱ። አሁንም የተጠቀለለ ወረቀት ብብቱ ሥር አለ።

«እህቴ፣ መዶሻውን አስቀምጪ።»

«አላስቀምጥም።»

«ሐዘንሽን እናውቃለን፣ ሁላችንም አዝነናል። ግን ይሄ የመኖሪያ ክልል ነው። ፕላኑ ላይ...»

«ፕላኑ ላይ ሰው ይታመማል?»

ጎረቤቴ ሳቋን በክንዷ ታፍነዋለች።

«እስቲ ዘርጋውና አሳየኝ። የታመመ ሰው በየት ይወጣል ይላል?»

«በዋናው በር ነዋ፣ በመኪና።»

«መኪና የሌለውስ?»

ወረቀቱን አይዘረጋም። «መሀሉን ከነደልሽው ከላይ ያለው በሙሉ አናትሽ ላይ ነው የሚወርደው! የግንበኛ ልጅ አይደለሽም እንዴ? ይሄ ይጠፋሻል?»

አይጠፋኝም። በር የሚከፈት ከሆነ መጀመሪያ ከላይ የሚሸከም የኮንክሪት አግዳሚ መግባት አለበት። ያንን ከፊደል በፊት ነው ከአባቴ የተማርኩት።

«ይውረዳ!» እለውና ከፍ አድርጌ እመታለሁ።

ልስኑ በሰፊው ተገምሶ ይወድቃል። ከሥሩ ብሎኬት ነበር መታየት ያለበት። የሚታየው ግን ከራሴ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ በአግድም የተኛ ኮንክሪት ነው። ጥበቃው ቀርበው በመዳፋቸው አቧራውን ይጠርጋሉ፤ ጫፉን ይፈልጋሉ፤ ወዲህ አንድ፣ ወዲያ አንድ።

«ልጄ... ይሄ እኮ የበር አግዳሚ ነው።»

ከሥሩ ያሉትን ብሎኬቶች እነካለሁ። በመካከላቸው ያለው ሲሚንቶ አይደለም። ጭቃ ነው፤ በጥፍሬ ይፈረፈራል።

እኔ ይህን ቦታ የመረጥኩት ከክሊኒኩ በር ትክክል ፊት ለፊት ስለሆነ ነው። ለአባቴም የታየው ይኸው ነው። በር እንተው ብሎ ከመሐንዲሱ ጋር ሲጨቃጨቅ እንደዋለ ነግሮኝ ያውቃል። «ተሸንፌ መጣሁ» ነበር ያለኝ፣ እግሩን እየታጠበ። አግዳሚውን ደብቆ ማስገባቱን ግን አልነገረኝም። የታመመ ዕለት ደግሞ አንደበቱ ተይዞ ነበር። መኪናው ሲነሳ በደህና እጁ አጥሩን ደጋግሞ ይጠቁመኝ ነበር፤ ፍጠኚ ያለኝ መስሎኝ እጁን ይዤ ወደ ጉልበቴ አወረድኩት። «እሺ አባዬ፣ እየሄድን ነው» አልኩት።

እጁን አወረድኩት።

መዶሻውን አነሳለሁ።

«ስምሽን እጽፋለሁ!» ይላል አስተዳዳሪው።

«ጻፍ። የአባቴንም ጨምርበት፣ ጀማሪው እሱ ነው።»

ሦስት ምት ይበቃል። ብሎኬቶቹ ወደዚያ በኩል ይደረመሳሉ። ከላይ ያለው ግንብ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አይታይበትም።

«ሰኞ እናስደፍነዋለን።»

«ድፈኑት። ማክሰኞ ሥራ የለኝም።»

ክፍተቱ ፊት ሄዶ እጆቹን ዘርግቶ ይቆማል። ጎረቤቴ ሳሙናዋን በቀሚሷ እየጠረገች ከጥላው ትወጣለች።

«አሳልፈኝ እስቲ ወንድሜ።»

«ወዴት?»

«ሽንኩርት አልቆብኛል።»

ያያታል። እኔን ያያል። ጥበቃውን ያያል፤ እሳቸው አጎንብሰው ስብርባሪውን ከመንገድ እያነሱ ነው። ከዚያ አንድ እጁ ይወርዳል።

ጎረቤቴ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ በጓዳ ነጠላ ጫማዋ ፍርስራሹን ትሻገራለች። ዞር ብላ አታይም። ከወዲያ በኩል፣ አስፋልቱ ላይ፣ ጫማዋ ጠፍ ጠፍ ሲል ይሰማኛል።