የመኝታ ቤቱ ሰባት በር

ስክሪኑ ላይ ያለውን በር እሰርዘዋለሁ፤ ቆይቶ ይጠፋል። ከስሩ ሌላ በር አለ። እሱንም እሰርዘዋለሁ። ደግሞ ሌላ!

«አባዬ፣ ይቺ መኝታ ቤት ስንት በር ነው ያላት?»

«አንድ ነዋ» ይላል ከኋላዬ። ድምፁ የሱ አይመስልም። አርባ ዓመት የቤት ፕላን ሲሠራ የኖረ ሰው፣ ሌላ ጊዜ እንዲህ ብዬ ብጠይቀው ቤቱን በጩኸት የሚያናጋው ሰው፣ ዛሬ ወንበሩን ለኔ ለቆ ሶፋው ጫፍ ላይ ኩርምት ብሏል።

ሰባት በር እቆጥራለሁ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተነባበረ። መስኮቱ አምስት ነው። የግድግዳውንማ አታንሱት።

«ለሌቦች ነው እንዴ ቤቱን የምትሠራው?» እላለሁ፣ ላስቀው ብዬ። አይስቅም።

«ተይው በቃ። ለኮንትራክተሩ ደውዬ ነግሬዋለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ መጥቶ ወረቀቱን ሁሉ ይወስዳል፤ ለሌላ ሰው ይስጠው። ሥራ አቁሜያለሁ።»

«ምን ሆነህ ነው የምታቆመው? አሞሃል?»

የሶፋውን ጨርቅ ይቆነጥራል። እኔ ደግሞ መጠበቅ አይሆንልኝም። «አባዬ፣ ተናገር እንጂ! ነፍሴን አታውጣት!»

«እንደ ጋሼ እየሆንኩ ነው።»

ጋሼ የሚለው ታላቅ ወንድሙን ነው። ጋሼ መጀመሪያ ሻያቸው ላይ ስኳር ሁለቴ መጨመር ጀመሩ። ቀጥሎ የልጆቻቸው ስም ጠፋቸው። መጨረሻ ላይ የገዛ ሳሎናቸው ውስጥ ቁጭ ብለው «የቤቱ ባለቤቶች መቼ ነው የሚመጡት?» ይሉ ነበር። የዚያን ቤት ፕላን የሠራላቸው አባዬ ነው።

«በር እስላለሁ፤ ቀና ብዬ ሳይ የለም» ይላል። «ለካ አልሳልኩትም ብዬ እደግመዋለሁ። አሁንም የለም። ትንሽ ቆይቼ ስመለስ ይኸው፣ እንዲህ ተነባብሮ አገኘዋለሁ። መሳሌን እየረሳሁ ነው ማለት ነው እኮ። ሦስት ሳምንቴ ነው። እናንተን ላለማስደንገጥ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ይሄን ይዞ ብቻውን ሲብሰለሰል!

ቆይ። ሦስት ሳምንት?

የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። «አትንኪብኝ፣ እኔና እሱ ተግባብተናል» እያለኝ፣ አዋቂ ነኝ ባይዋ እኔ፣ ኮምፒውተሩን አፕዴት ያደረግኩለት ያን ቀን ነው።

ፕላኑን እዘጋና ሚሞሪውን ማን ምን ያህል እንደሚጠቀም የሚያሳየውን ገጽ እከፍታለሁ። ኮምፒውተሩ ያለው አራት ጊጋ ብቻ ነው። አንድም ሥራ ሳይከፈትበት ከሦስት በላዩ አልቋል። ወይ ጉዴ!

«ና እዚህ ተቀመጥ» ብዬ ወንበሩን እለቅለታለሁ። «ይሄውልህ፣ ሚሞሪ ማለት የሥራ ጠረጴዛህ በለው። ድሮ ግማሹ ባዶ ነበር። አዲሱ ሲስተም ግን ገና ሲነሳ የራሱን ኮተት ይዘረግፍበታል፤ ዜና በለው፣ የአየር ሁኔታ በለው፣ አንተ ያላዘዝከውን ሁሉ። ላንተ ፕላን የተረፈችው ጥጓ ናት።»

«አፕዴት ሲደረግ ይሻለዋል አላልሽኝም?»

«ከቫይረስ ለመጠበቅ ይሻለዋል። ሚሞሪ ግን ብዙ ጊዜ ከበፊቱ የበለጠ ይበላል። አዲስ ኮምፒውተር ላይ አይታወቅም። ሽማግሌ ላይ ሲሆን ነው ጉዱ።»

«ማነው ሽማግሌ?»

«ኮምፒውተሩ ነዋ!»

ፕላኑን መልሼ እከፍተዋለሁ። «በል፣ አንድ በር ሳል።»

ማውሱን ይጫናል። ምንም የለም። ጣቱ ሊደግም ሲል እጁን ጥብቅ አድርጌ እይዘዋለሁ። «እንዳትነካው። ቁጠር።»

አብረን እንቆጥራለን። አምስት ላይ ምንም የለም። ዘጠኝ ላይ ምንም የለም። አሥራ አራት ስንል በሩ ድንገት ብቅ ይላል።

አባዬ ስክሪኑን ያያል፣ እኔን ያያል፣ እንደገና ስክሪኑን።

«አልረሳሁማ» ይላል ቀስ ብሎ።

«አልረሳህም።»

«አንዴም አልረሳሁም?»

«አንዴም! የዘገየው እሱ ነው። ጥፋቱ ደግሞ የኔ ነው፤ እንቢ እያልከኝ ነው የነካካሁብህ። ይቅር በለኝ አባዬ።» አለቅሳለሁ፤ ምን አሳፈረኝ።

«አንቺ ልጅ፣ በቁሜ ልትቀብሪኝ ነበር እኮ!» ይልና ሳቁ ያመልጠዋል፤ ሲስቅ ሲስቅ እሱም እንባው ይወርዳል። ወዲያው ስልኩን አንስቶ መስኮቱ ጋ ይሄዳል። «ኮንትራክተር! እንዳትመጣ! ... ምን ሌላ ሰው? ማን የሚሉት ሌላ ሰው? ሥራው የኔ ነው፣ ሰኞ ትወስዳለህ!» ጩኸቱ ቤቱን ይሞላዋል። ነፍሴ መለስ ትላለች።

እስኪጨርስ ድረስ ኮተቱን ላስወጣለት ቁጭ እላለሁ። ኪቦርዱን ወደኔ ስስበው ከስሩ አንድ ወረቀት ይወጣል። የአባዬ ጽሑፍ ነው፤ ፕላን ላይ የሚጽፈው፣ ፊደሉ አንድ በአንድ የተለካው። የቤታችን አድራሻ አለበት። የእናቴ ስም አለ፣ ከጎኑም «ሚስትህ ናት። ሞታለች። ልጆችህን የት ናት ብለህ አትጠይቃቸው፣ ያለቅሳሉ» ይላል። የወንድሞቼ ስም በተራ፣ የልጅ ልጆቹ ከነዕድሜያቸው።

የኔ መጨረሻ ላይ ነው።

«ትንሿ ልጅህ ናት። ትጮሃለች። አትፍራት።»