የመምህሩ ጎመን

መምህር ይትባረክ የቢራቢሮን የሕይወት ዑደት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ሲስሉ ኖረው ጡረታ ወጡ። ነጫጭ ቢራቢሮዎች ጓሯቸው ሲመጡ፣ «ወዳጆቼ ሊጠይቁኝ መጡ» ብለው ለጎረቤቱ ሁሉ አወሩ። ወዳጆቻቸውም ከጎመኑ ቅጠል ሥር እንቁላላቸውን ጥለው ሄዱ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ጎመኑ ወንፊት ሆነ። ሊቁ መምህር ቅጠሉን የሚበላው ምን እንደሆነ ግራ ገብቷቸው የግብርና ባለሙያ አስጠሩ።

ወጣቷ ባለሙያ ከቅጠሉ ጀርባ አረንጓዴ ትል አንስታ አሳየቻቸው።

«የቢራቢሮ እጭ ነው» አለች።

«አይደለም» አሉ መምህሩ ፈገግ ብለው። «የቢራቢሮ እጭ ጥቁር ነው። መጽሐፉ ላይ አለ።»

«ያኔም ይህንኑ ብለውኛል፣ ቲቸር» አለች። «ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ከእናቴ ጎመን ላይ ያየሁትን አረንጓዴ አድርጌ ብስለው ዜሮ ሰጡኝ።»