አትንኪያት የተባለችው ሸክላ

ባልየው የዘፈን ሸክላ እንዴት እንደሚታጠብ ለሚስቱ ያስተማራት በተጋቡ ሰሞን ነው። ትንሽ አልኮል በተጣራ ውሃ፣ ለስላሳ ጨርቅ፤ እጅ ክቡን ተከትሎ ይዞራል እንጂ አያቋርጥም። የማጫወቻው መርፌ ደግሞ በትንሽ ብሩሽ፣ ከኋላ ወደ ፊት ብቻ። ሴትዮዋ እጇ ሙያ ቶሎ ይይዛል፤ ብዙም ሳይቆይ የመደርደሪያው ሸክላ ሁሉ በእሷ እጅ ገባ።

ከአንዷ በቀር።

«እሷን ተያት» ይላት ነበር። «አትንኪያት።»

የሟች ሚስቱ ድምፅ ያለባት ሸክላ ናት፤ ከማግባቷ በፊት የዘፈነችው፣ ሌላ ቅጂ የሌለው። መሃሏ ላይ የነበረው ወረቀት ተልጦ ስም እንኳ አይነበብባትም። ልጃቸው እናቷን ያጣችው ጡት ሳትጥል ስለሆነ፣ እናት ማለት ለእሷ ያቺ ሸክላ ናት። አድጋ፣ ወግ ደርሷት አግብታም፣ እሁድ እሁድ እየመጣች ታዳምጣታለች። ያን ጊዜ አባትየው ተነስቶ በረንዳ ይወጣል። ሴትዮዋ በመስኮቱ ጀርባውን እያየች፣ ዛሬም አልወጣችለትም ትላለች በሆዷ።

ቅናት ነበረባት፤ ምን ይደበቃል። ከዳዴ ጀምሮ ያሳደገቻት ልጅ «እትዬ» ነው የምትላት። «እማዬ» የምትባለው መደርደሪያ ላይ ናት።

ቅዳሜ ልጅቱ ደወለች።

«እትዬ፣ ነገ ሕፃኑን ይዤው እመጣለሁ። የአያቱን ድምፅ ይስማ።»

ሴትዮዋ ደስ አላት። የማጫወቻውን መርፌ ጠረገች። ከዚያ ያቺን ሸክላ አውጥታ ብታያት አቧራ በአቧራ ሆናለች። ለአራስ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ይከፈታል? እንደተማረችው አድርጋ አጠበቻት።

ጨርቁ ጠቆረ። እድፍ መሰላትና ደገመችው። ሲደርቅ ሸክላዋ ደብዝዛ፣ ቡራቡሬ ሆና ቀረች። ብትከፍታት ትኩስ ዘይት ላይ እንደተጣለ ሽንኩርት ተንጫጫች እንጂ የሰው ድምፅ አልወጣትም።

በፎጣ ጠቅልላ ወደ ማጫወቻ ጠጋኙ ሮጠች። ሽበታሙ ጠጋኝ ወደ ብርሃን አዞራትና ጠርዟን በጥፍሩ መታ መታ አደረጋት።

«ወይ ልጄ! አልኮል አስነካሻት? ይቺ እኮ እንደ ሌሎቹ ፕላስቲክ አይደለችም። ሙጫ ናት፤ አልኮል ይበላታል። እንዲህ ዓይነቱን መሥራት ያቆሙት እኔ እንኳ ሳልወለድ ነው።»

«አትድንም?»

«የፈሰሰ ውሃ ይታፈሳል?»

ወደ ቤት ተመለሰች። ያጠፋው እጇ ነው ወይስ ቅናቷ? ያን ሁሉ ዓመት ክፉ የእንጀራ እናት ላለመባል ስትጠነቀቅ ኖራ፣ ይኸው በአንድ ጨርቅ ሆነችው። ጥላ ሰብራት፣ ከመደርደሪያው ወደቀች ብትልስ? ሆድ ይፍጀው ብላ ልትተወው ነበር፤ ሆዷ ግን እምቢ አለ።

እሁድ ጠዋት ባሏ ጫማውን ሲያስር ፊቱ ቆመች።

«አጠብኳት» አለችው።

«ማንን?»

«እሷን። ጠፋች፣ ድምፅ የላትም። አውቄ ይሁን ሳላውቅ እኔም አላውቀው። ስቀናባት ነው የኖርኩት።» እንባዋ ቀደማት። «ልጄን እናቷን ለሁለተኛ ጊዜ ገደልኩባት።»

ሰውየው አልጮኸም። አልተቆጣም። ሁለተኛውን ጫማ አሰረና ካፖርቱን አነሳ።

«ወዴት ነው?»

«ገበያ። አሮጌ ሸክላ ከሚሸጠው ሰውዬ ዘንድ፤ ልጅቱ ሳትመጣ።»

«ምን ልትሠራ? የሟች ድምፅ ይሸጣል እንዴ?»

በሩን እንደያዘ ቆመ። ፊቱን አላዞረላትም።

«ያቺንም የገዛኋት ከእሱ ነው» አለ። «እናቷ ዘፍና አታውቅም።»