ቤተ መጻሕፍቱን ማን መሠረተው?

ቢላዋው ወለሉ ላይ ወድቆ ጮኸ። ኤርሚንያ ከፍ ካለው የአንባቢ ወንበር ላይ ሆና ዐረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ አቆመች።

አምልጦት ነው እንዳይባል፣ የሳን ኤሊሴዮ ሲጋራ ፋብሪካ ጠቅላዮች ቢላዋ አያመልጣቸውም። አንባቢ ደስ ሲያሰኛቸው በቅጠል መቁረጫ ቢላዋቸው የሚጠቀልሉበትን ጣውላ ይመቱለታል፤ ሲያስከፋቸው ወለሉ ላይ ይጥሉታል። ሁለተኛው ወደቀ። ሦስተኛውም ተከተለ።

ዶን ካሲልዶ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እነሱ ሲጠቀልሉ እሱ መጽሐፍ ሲያነብላቸው ኖሮ፣ ድምፁ ተዘግቶ ከወረደ ወዲህ፣ ሁለት መቶ ሰው ጆሮው ሥራ ፈትቶ ሲጋራ ይጠቀልላል። ዛሬ የሚተካውን የሚመርጡበት ቀን ነው። ለያንዳንዱ ተፈታኝ ግማሽ ሰዓት ተሰጥቶታል። በሩ አጠገብ፣ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተራውን የሚጠብቅ አንድ የትምህርት ቤት መምህር አለ። ኤርሚንያ ግን ዐሥራ አንድ ዓመት እዚሁ አዳራሽ ጥግ፣ በርሜል ፊት ተቀምጣ የትምባሆ ቅጠል ጅማት ስትነቅል ያንን ወንበር ቀና ብላ ስታየው ነው የኖረችው። ዛሬ ሳትመረጥ ከወረደች ወደዚያው በርሜል ነው።

ልታኮራቸው ብላ ነበር ከተማዋ መቶኛ ዓመቷን ስታከብር የታተመውን መጽሐፍ የመረጠችው፤ ያውም «የተከበሩ ዜጎቻችን» የሚለውን ምዕራፍ። ድልድዩን ያሠሩት ከንቲባ፣ ቲያትር ቤቱን ያቆሙት የስኳር ከበርቴ... እስከዚያ ድረስ ደኅና ሄዶ ነበር። «የሕዝብ ቤተ መጻሕፍታችንን የመሠረቱት ዶክተር አንሴልሞ ኡሩቲያ» ስትል ነው ቢላዋው የወደቀው።

አንባቢ ከመጽሐፉ ውጪ ከራሱ አፍ አይናገርም፤ የወንበሩ ሕግ ነው። እሷ ግን «ጋሽ ኔሜሲዮ፣ ምን አጠፋሁ?» አለች።

የአዳራሹ ሽማግሌ ኔሜሲዮ ቀና እንኳ አላለም። «አንቺ ምን ታጠፊያለሽ? ያጠፋው የጻፈው ነው። ዶክተሩ ሪባን ቆረጠ እንጂ ምን መሠረተ?»

«እሱንም በሦስተኛው ሙከራ ነው የቆረጠው!» አለ አንዱ ከኋላ። አዳራሹ ሳቀ።

«ጡቡን የተሸከምን እኛ ነን» አለ ኔሜሲዮ። « እሁድ እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ።»

«ወይ እኛ!» አለች ከጎኑ የምትጠቀልለው እትዬ ፔትሮኒላ። «ያኔ መች ጡት ጣልክና!»

«ሰባት ዓመቴ ነበር፣ አንቺ ምላሳም! አንድ አንድ ጡብ ይዣለሁ።»

ፔትሮኒላ ሳቋን ዋጠች። «መደርደሪያው እኮ ከሲጋራ ሣጥን ጣውላ ነው የተሠራው። ስትለቅም የከረመችው እናቴ ናት። ሄዳችሁ አሽትቱት፤ ዛሬም ሣጥን ሣጥን ይላል።»

ኤርሚንያ በልጅነቷ በዚያ ቤት ያነበበችው መጽሐፍ ሁሉ ያ ሽታ ነበረው። የወረቀት ጠረን መስሏት ነው ያደገችው።

እርሳሷን ከፀጉሯ መዘዘች። «ስማቸው ማን ነበር፣ እትዬ?»

«የማን?»

«የእናትዎ።»

«ኒካሲያ። ኒካሲያ ቤሎ። ምን ይሠራልሻል? ፊደል እንኳ አትለይም ነበር እኮ።»

ከዚያ በኋላ ከየጣውላው ስም ይወረወር ጀመር። የግንበኛው፣ የአናጢው፣ መስኮቱን በጀርባው ተሸክሞ ከባቡር ጣቢያ ያመጣው። ኤርሚንያ በገጹ ጠርዝ ጻፈች፤ ጠርዙ ሲሞላ በዶክተሩ ፎቶግራፍ ላይ ጻፈች። በየቀኑ የምትረግጠው ከተማ እንዲህ ከሰው አፍ እየወጣ፣ ጡብ በጡብ ሲቆም አይታ አታውቅም።

የንባብ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ቲቡርሲዮ ሰዓቱን እያየ ይቁነጠነጣል።

አንቀጹን ከመጀመሪያው አነሳችው፤ አሁን ድምፅዋ እስከ መጨረሻው ረድፍ ደረሰ። «የሕዝብ ቤተ መጻሕፍታችንን የመሠረቱት፣ ፊደል ሳይለዩ መደርደሪያ የሰጡን ኒካሲያ ቤሎ፤ ከቅዳሴ መልስ ጡብ የተሸከሙት ኤውሎሂዮ ፖንስ፤ አንድ አንድ ጡብ የያዘው የሰባት ዓመቱ ኔሜሲዮ...»

«ሰዓትሽ አልቋል፣ ውረጂ!» አለ ቲቡርሲዮ። «ቀጣይ!»

«ዝም በል አንተ!» ኔሜሲዮ ነበር። «አንባቢያችን እያነበበች አይደለም እንዴ?»

ከመቀመጫው ሊነሣ የጀመረው መምህር ተመልሶ ተቀመጠ፤ እሱም ሊሰማ።

ኤርሚንያ ወደሚቀጥለው ስም አለፈች። አንድ ነገር ጎደለባት፤ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ አይሰማም። በሥራ ሰዓት እጅ ቆሞ አያውቅም፤ ከዚያ ወንበር የሚታየው ያጎነበሰ አናት ብቻ ነው። ከገጹ ቀና አለች። ሁለት መቶ ፊት ወደ እሷ አንጋጦ፣ እያንዳንዱ የእናቱ ስም እስኪጠራ ይጠብቃል።